አባቴ «ቢሮ» የሚለኝ መስመር

አባቴ ለአራት ዓመት ስሜን አልጠራም። በአራተኛው ዓመት ደግሞ «ቢሮ» ይለኝ ጀመር።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የምሠራበት ፋብሪካ ቡሬ ነው፤ ውኃው ግን የሚመጣው ከሩቅ፣ ቆላ ካለው ወንዝ ነው። አባቴ ወንዙ ዳር ያለው የፓምፕ ቤት ጥበቃ ነው። በየቀኑ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ይደውላል፤ ፋብሪካው ውስጥ ካለችው ጠባብ የውኃ መቆጣጠሪያ ክፍል እኔ አነሣለሁ።

«ቢሮ፣ እንደምን ዋላችሁ?»

ክፍሏ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። እሱም ያውቃል።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቢሮ ነኝ።»

«ሁለቱም ሞተሮች ደኅና ናቸው። የውኃው ልክ ሁለት ሜትር ከሠላሳ።»

«ሁለት ሜትር ከሠላሳ።»

«አይ፣ ተሳሳትሁ። ሁለት ከሃያ።»

«ሁለት ከሃያ?»

«አዎ። ደኅና እደሩ።»

ጠቅ። አለቀ። አባቴ ለእኔ ይህን ያህል ነበር፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን ያችን ደቂቃ ስጠብቅ ነው የምውለው። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሰው እንዲያናግረኝ አልፈልግም ነበር። ቁጥር መሳሳቱን እንኳ እወደው ነበር፤ ደጋግሞ ይሳሳታል፣ ደጋግሜ እጠይቀዋለሁ፣ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይጨመርልኛል።

እንዲህ ያደረገንን ልንገራችሁ። የተወለድሁት ቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። አሥረኛ ክፍል ስጨርስ አባቴ እኔን ሳይጠይቅ ሊድረኝ ለሰው ቃል ሰጠ። ድግሱ ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ማለዳ ሰው ሳይነሣ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን አንግቤ ወጣሁ። ፍኖተ ሰላም የእናቴ እህት ዘንድ ገባሁ። አባቴ ሽማግሌ ፊት አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ «ቃሉን በላ» ተባለ። በእኛ አገር ሰው ከብቱ ቢያልቅበት ያዝኑለታል፣ ቃሉን ቢበላ ግን መንገድ ያሳብሩበታል።

አሥራ ሁለተኛን ፍኖተ ሰላም ጨረስሁ። ማለፊያ ነጥብ አላመጣሁም፤ ምክንያት አልደረድርም። ቡሬ መጥቼ ማሸጊያ ክፍል ገባሁ። አባቴ ከሰው ዓይን ልሽሽ ብሎ በዚሁ ፋብሪካ የወንዝ ጥበቃ ሆኖ መውረዱን የነገረችኝ እናቴ ናት። ሁለት ጊዜ ሄጄበት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ እንዳየኝ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ፤ ጋቢውን እስከ ጆሮው ስቦ ተቀመጠ። ያመጣሁለትን ስኳርና ሳሙና ደጃፉ ላይ ትቼ፣ ጀርባውን አይቼ ተመለስሁ።

በኋላ የውኃ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰው ይፈልጋል ተባለ። ክፍያው ከማሸጊያው ያንሳል። «ሥራሽ የወንዙ ጥበቃ ሲደውል ማንሣትና መጻፍ ነው» ሲሉኝ ግን ለምኜ ገባሁ። አለቆቼ ጅል መሰልኋቸው። ይምሰላቸው።

ስለ መስመሩም ትንሽ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኋችሁ ቀሪው አይገባችሁም። በእኛ በኩል የሞባይል ኔትወርክ ከጠፋ ከርሟል። ፋብሪካው የራሱ የሬዲዮ መስመር አለው። ጣሪያው ላይ ሰሐን የሚመስል ትልቅ የሽቦ አንቴና ተሰቅሏል፤ መንገድ ላይ ካለው ኮረብታ፣ ከብረቱ ምሰሶ ላይ ሁለት አሉ፤ ወንዙ ዳር ደግሞ አንድ። ተራ አንቴና እንደ ኩራዝ ነው፤ ዙሪያውን ሁሉ ያበራል፣ ሩቅ ግን አይደርስም። ይኸኛው እንደ እጅ ባትሪ ነው፤ ያለውን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይልካል። ከኮረብታው እስከ ወንዙ ሃያ ኪሎ ሜትር ግድም ያለ ገመድ የሚሄደው ለዚህ ነው። ጣጣው ሁለቱ አንቴናዎች ፊት ለፊት መተያየት ያለባቸው መሆኑ ነው። አንዱ ፊቱን ትንሽ ዘወር ካደረገ፣ ሌላው ቢጮህ ቢጮህ አይሰማውም። መስመሩ ሲቋረጥ ደግሞ ታንከሩ ሞልቶ እንዳይፈስ ሞተሮቹ ራሳቸው ይቆማሉ።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ ነው።

አባቴ በሰዓቱ ደወለ። ልኩን ነገረኝ፣ ጻፍሁ። «ደኅና እደሩ» እስኪል ጠበቅሁ። አላለም። ከጀርባው ሞተሩ ሲያጓራ ይሰማኛል።

«አንጓች» አለ።

ተቀምጬ ነበር፤ ተነሥቼ ቆምሁ።

«አቤት አባዬ!»

«አንድ ነገር ልነግርሽ… ከርሜያለሁ። ያን ጊዜ፣ ስትሄጅ…»

ዝም።

«አባዬ? አባዬ፣ ይሰማዎታል?»

ስክሪኑ ላይ ያሉት የወንዝ ቁጥሮች ሁሉ ሰረዝ ሆነው ቁጭ አሉ። መስመሩ ተቆርጧል። የስልኩን እጀታ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆሜ ቀረሁ። ተረኛው መጥቶ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ፣ «ምንም» ብዬ ጮኽሁበት። ምን በድሎኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አይገባውም።

ያን ሌሊት «ያን ጊዜ፣ ስትሄጅ» የምትለዋን ስጨርስ አደርሁ። ያን ጊዜ ስትሄጅ ገደልሽኝ። ያን ጊዜ ስትሄጅ ልጅ የለኝም ብያለሁ። ያን ጊዜ ስትሄጅ ስንቅ አልያዝሽም። ሃምሳ ዓይነት መጨረሻ ሰጠኋት።

ረቡዕ መላኩ የፋብሪካውን ጣሪያ ወጥቶ መረመረ። መላኩ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው፤ የሬዲዮው ቴክኒሻን እሱ ብቻ ነው። እኔ ለማብሸቅ ጋሽ መላኩ እለዋለሁ፣ ገና ሠላሳ አምስት ሳይሞላው።

«እኛና ኮረብታው እንተያያለን» አለኝ። «ኮረብታውና ወንዙ ናቸው የተኳረፉት።»

«ታዲያ ወደ ወንዙ እንውረድ።»

«በምን? በክንፍ?»

ያን ሳምንት ወደ ቆላ መኪና አይወርድም ነበር። ለምን እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል፤ አላብራራም። በእግር የሞከሩትም ከመንገድ ተመልሰዋል።

ከሰዓት በኋላ የምርት ኃላፊው መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ታንከሩ ባዶ የቀረበት ሰው ነው። «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ውኃ በቦቴ ከቅርብ እናስመጣለን። የፓምፕ ቤቱ ይዘጋል። ለጥበቃውም ደብዳቤ ይጻፍለት፣ አገሩ ይግባ» አለ።

አገሩ ማለት ቋሪት ነው። ከዚያ ስልክ የለም፣ አንቴና የለም፣ «ቢሮ» የሚባል ነገር የለም። ጋቢውና ጀርባው ብቻ።

«ጋሽ መላኩ፣ ነገ ኮረብታው ላይ እንወጣለን» አልሁት።

«ማነው የሚወጣ? ይኸን እያየሽ?» አለና ግራ እጁን አሳየኝ። ጠዋት ከጣሪያው ሲወርድ ወድቆ ክንዱ በጨርቅ ከአንገቱ ታስሮ ነበር።

«እኔ እወጣለሁ።»

«ሴትዮ፣ ምሰሶው እኮ ከባሕር ዛፍ ይረዝማል!»

«ባሕር ዛፍም ወጥቻለሁ።»

ውሸት ነው። የወጣሁት ኮሽምና ዋንዛ ነው።

ሐሙስ በባጃጅ እስከ ኮረብታው ሥር፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ኮረብታው ጫፍ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በጥድና በወይራ ተከባ። ሕንፃዋ አዲስ ነው፣ ጣሪያዋ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ምሰሶው ከቅጥሩ ውጭ፣ በር ላይ ነው የቆመው። መላኩ በአንድ እጁ ከሥር ያለውን ሳጥን ከፈተ። ባትሪው ሙሉ ነው። ገመዱ አልተነካም። መብረቅ አልመታውም። አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይ አየና፣ «ምንም አልሆነም እኮ! ምን ነካው ታዲያ?» አለ።

በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ከቅጥሩ ወጡ። ነጭ ጥምጥም፣ ቀጭን ፊት፣ ሳቅ የማይርቀው ዓይን። የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ መላኩ ያውቃቸዋል። ተንበርክኮ ሊሳለም ሲል ክንዱን አይተው ከለከሉት።

«ምነው ልጄ፣ አንተም ተሰበርህ?»

«ወደቅሁ መሪጌታ። ብረታችሁስ እንዴት ከረመ? ማንም አልነካው?»

«ማን ይነካዋል! እኛ እንጠብቀው የለም እንዴ?» አሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንችስ ምን ነሽ?»

«ቢሮ ነኝ» አልሁ ሳላስበው።

«ቢሮ ደግሞ በእግሩ መሄድ ጀመረ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ እንደ ተራ ነገር፣ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ፣ «ማክሰኞ ለት ብቻ ትንሽ ዘወር አድርገነው ነበር» አሉ።

መላኩና እኔ ተያየን።

«ምኑን?» አልኋቸው።

«ይኸን የላይኛውን ሰሐን ነዋ። ታቦታችን ከጊዜያዊው መቃኞ ወደ አዲሱ ቤቷ የምትገባበት ቀን ነበር። እንግዳ ስንጠብቅ ስንጠብቅ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ልትወጣ ስትል ቀና ብዬ ባይ፣ ያ ሰሐን ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል! ሕዝቡ ሁሉ ፊቱን ወደ ታቦት አዙሮ፣ ሴቱ በእልልታ፣ እሱ ብቻ ወደ ቆላ እያየ። እንዴት ይሆናል? ሁለት ጎበዞች ወጥተው አዞሩት። ስታልፍ ፊት ለፊት ተቀበላት። ደስ አለን።»

«መሪጌታ» አለ መላኩ፤ ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አላውቅም፣ «ብረት እኮ ነው።»

«ብረቱንስ ማን ፈጠረው? ኋላም እንደ ነበረው መልሰነዋል።»

«በምን ለክታችሁ?»

«በዓይን። ወደ ወንዙ አዙሩት አልኋቸው። ያው እዚያ የሚያበራው» ብለው በመቋሚያቸው አሳዩን። በሩቁ፣ በበጋው ጭጋግ ውስጥ፣ የወንዙ አንድ መታጠፊያ ያብለጨልጫል። የፓምፕ ቤቱ ግን እዚያ አይደለም። በስተግራ፣ ከተራራው ጥግ፣ ዓይን ከማያየው ቦታ ነው። አንቴናው ላይ የጣት ስፋት የምታህል ስሕተት ወንዙ ጋ ስትደርስ ኪሎ ሜትር አልፋለች።

ንዴት ያዘኝ። ሽማግሌ ፊት አልናደድም ብላችሁ አልዋሻችሁም።

«መሪጌታ፣ አባቴ ከአራት ዓመት በኋላ ስሜን ጠርቶ አንድ ነገር ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር። እናንተ ስታዞሩት ከአፉ ተቆረጠ። ነገ ፓምፑ ይዘጋል፣ እሱም ይሄዳል። እኔ መጨረሻውን ከማን ልስማ?»

መላኩ ልብሴን ጎተተ። መሪጌታ ግን አልተቆጡም።

«እኛ ጀርባ አይሰጥም ብለን፣ አባትሽን ለአንች ጀርባ አሰጠነው» አሉ። «ይቅር በይን ልጄ። አሁን ይመለሳል?»

«ይመለሳል» አልሁ። ይመለስ አይመለስ ግን አላውቅም ነበር።

መላኩ የወገብ ቀበቶውን በአንድ እጁና በጥርሱ አሰረልኝ። የብሎን መፍቻ ኪሴ ከተተ፤ አንድ የመሞከሪያ እጀታ አንገቴ ላይ አንጠለጠለ። እጀታው የሚሰካው ላይ፣ ከአንቴናው ጀርባ ካለው ሳጥን ነው። «ስትሰኪው እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ ትሰሚያለሽ። ቀስ እያደረግሽ ታዞሪያለሽ። ዝናቡ ሲቆም መስመሩ ገባ ማለት ነው። ያኔ ጩኺልኝ፣ ብሎኑን አጥብቂ፣ ውረጂ። ወደ ታች እንዳታዪ።»

አየሁ። አጋማሽ ላይ ስደርስ አየሁ። መላኩና መሪጌታ ቀና ብለው ሁለት እንጉዳይ መስለዋል። ለመውረድ አስቤ ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ቀጥሎ ግን «ያን ጊዜ፣ ስትሄጅ» የምትለዋ ድምፅ መጣችና ገፋችኝ።

ጫፍ ስደርስ ነፋሱ ሌላ ነው። በአንድ በኩል የቡሬ ቆርቆሮ፣ በሌላው የታጨደ ማሳ፣ ከፊት ቆላው በጭጋግ ተኝቶ። ቀበቶዬን አሰርሁ። ሰሐኑ ከቅርብ ሲያዩት ከእኔ ይሰፋል። ምሰሶው ላይ የድሮው ማሰሪያ ጥርስ የነከሰበት ጭረት ይታያል፤ ጎበዞቹ ያሰሩት ከሱ አራት ጣት ወደ ቀኝ አልፎ ነው። ብሎኖቹን አላላሁ። እጀታውን ሰካሁ።

ዝናብ። ሽሽሽሽ የሚል ዝናብ።

ገፋሁት። ዝናብ። ደግሞ ገፋሁት። ዝናብ። ጭረቱ ላይ ደረሰ፤ አሁንም ዝናብ ነው። ላብ ዓይኔ ገባ። «ወደ ታች ደፋ አርጊው!» ይላል መላኩ ከሥር። ደፋ አደረግሁት። ዝናቡ ሳሳ። ትንሽ ደፋ። ትንሽ ወደ ግራ። ቆመ።

ጸጥ አለ። ቤት ውስጥ እንደገባ ሰው ጆሮዬ ሞቀ። ልጮህ አፌን ከፈትሁ።

«አንጓች» አለ እጀታው።

አፌን ዘጋሁ።

«አንጓች። ዛሬም አትሰሚኝም። ይሁን።»

አባቴ ነው። በተቆረጠ መስመር ለራሱ የሚያወራ መሰለኝ። እጀታው ላይ ለመናገር የምትጫን አንዲት ቁልፍ አለች፤ አውራ ጣቴ ከላይዋ ተቀምጧል። ብጫን ይሰማኛል። ከሰማኝ ደግሞ «ቢሮ፣ እንደምን ዋላችሁ» ይላል፤ አውቀዋለሁ። ጣቴን አነሣሁ።

«ማክሰኞ ሞተሩ ሲጮህ ደፋር ነበርሁ። አሁን ጸጥ ሲል የገዛ ድምፄ ያስፈራኛል… ያን ጊዜ ስትሄጅ እኔ የተቆጣሁ መሰለሽ። ሰው ሁሉ መሰለው። ቃሌን የሰጠሁ ጠላ ጠጥቼ፣ ሰው አሞግሶኝ ነው። ሦስት ቀን ሳይሞላ ጸጽቶኛል። ከአፍ የወጣ ቃል በምን ይመለሳል? አንችን ጠርቼ ‹ልጄ ተሳሳትሁ› ማለት አቃተኝ።»

«ገባ?» ብሎ ጮኸ መላኩ ከታች።

«ገና ነው!» ብዬ ጮኽሁ።

«እናትሽ ‹ጠፋች!› ብላ ስትቀሰቅሰኝ፣ ልቤ ምን አለ? ‹እሰይ› አለ። እግዜር ያውቃል። ‹እሰይ የኔ ልጅ› አለ። ከዚያ ወጥቼ እንደ ተበደለ ሰው ጮኽሁ። ሽማግሌ ፊት አንገቴን የደፋሁ አፍሬብሽ አይደለም። የኔን ነገር አንች በእግርሽ ስለ ጨረስሽው ነው። እና አሁን በየትኛው ፊቴ ልይሽ?»

«አንጓች! ምን ይላል?» መላኩ ነው።

«ይጮኻል! ዝናብ ነው! ቆይ!»

«ቢሮ የምልሽ… ቢሮ ካላልሁሽ ሌላ ነገር ከአፌ ሊወጣ ነው፣ ያን ደግሞ ስልክ ላይ አልችለውም። ቁጥሩንም አውቄ ነው የማሳስተው። መሳሳት ምን ከበደኝ፣ ሜትሩ ፊቴ ተተክሎ! ደግመሽ እንድትጠይቂኝ ነው። ድምፅሽ ወፍሯል። አድገሻል። አሁን ቦታውን ሊዘጉት ነው መሰለኝ። ቢዘጉትም… በቃ። ይኸው ነው።»

ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሃያ ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ጆሮዬ ሥር ይተነፍሳል። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው እንደዚያ ቀርቦኝ አያውቅም። ብረቱን አቅፌ፣ ንፍጤን በክንዴ እየጠረግሁ፣ አንድ ቃል እንዲጨምር ጠበቅሁ። አልጨመረም።

ጣቴን ቁልፏ ላይ አሳረፍሁ። ተጫንሁ።

«አባዬ። አንጓች ነኝ።»



«አሁን ገባሽ?» አለ።

ይኸን ቦታ ነው እስከ ዛሬ የማወጣው፣ የማወርደው። «ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰምቻለሁ» ማለት እችል ነበር። ማፈሩን ግን አሁን ከአፉ ሰማሁ። ልሸፍንለት አሰብሁ፤ የሸፈንሁለት መሰለኝ።

«አሁን ነው የገባሁ» አልሁ።

«ደኅና። ሞተሩን ላስነሣ?»

«ያስነሡ።»

ወረድሁ። መሪጌታ ፊቴን አይተው «ምነው፣ አልሆነም?» አሉ።

«ሆኗል። ነፋስ ነው ዓይኔን።»

ጥምጥማቸውን ፈትተው በጫፉ ፊቴን ጠረጉልኝ።

ፓምፑ አልተዘጋም። ወሩ ሳያልቅ መላኩ ለኃላፊው «እኔ ከምወጣ ይቺ ትውጣ» አለ፤ እኔም የቴክኒክ ክፍል ገባሁ። አሁን ሥራዬ ይኸው ነው፤ ምሰሶ እወጣለሁ፣ አንቴና አዞራለሁ። እስከ ፈረስ ቤት ከተማ ድረስ ሄጄ ሰቅያለሁ። «ሴት ልጅ ብረት ላይ» እያሉ የሚያፏጩ አሉ፤ ያፏጩ። እዚያ ላይ አይሰማም።

ግን ልብ በሉ፣ ቢሮው ሌላ ልጅ ተቀመጠችበት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአባቴን ድምፅ የምትሰማው እሷ ናት። «ሽማግሌው ቁጥር አይሳሳትም» ብላ አመሰገነችልኝ። እኔ ሳወራው ግን ይሳሳት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልነግራት ግን አልችልም። የሰማሁት ሁሉ እጄ ላይ ቀረ። ያልሰማሁ ሆኜ መልስ ልሰጠው አልችልም። በሰማሁ ማግሥት የበለጠ ናፈቀኝ፤ ሳልሰማው ከናፈቀኝ ይልቅ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከእናንተ ውስጥም ከአባቱ ወይ ከእናቱ ጋር ጥሬ ቃል ብቻ የሚለዋወጥ አይጠፋም። «በልተሃል? አዎ። ደኅና እደር።» እኔ ምክር አልወድም፣ ሲሰጡኝም አልወድም። የማውቀውን ልንገራችሁ። ሰው ከልቡ ሲያወራ ከሰማችሁት፣ ሰማሁህ በሉት። ያፍራል ብላችሁ አትዋሹለት። ያፍር። እፍረት ያልፋል። እኔ የአንዲት ቃል ውሸት ሠርቼ ስምንት ወር ከፍያለሁ።

ስምንት ወር የምለው፣ መንገዱ ተከፍቶ የወንዙ ዳር አንቴና ጥገና የደረሰኝ በስምንተኛው ወር ስለሆነ ነው። ብቻዬን ወረድሁ። አባቴ የፓምፕ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቀይ በርበሬ ይቀነጥሳል። ሲያየኝ ሊነሣ ሲል፣ ቀድሜው አጠገቡ ተቀመጥሁ። ከጆንያው እፍኝ ወስጄ አብሬው መቀንጠስ ጀመርሁ። ሞተሩ ያጓራል። ብዙ ቀነጠስን።

«አባዬ፣ የዚያን ሐሙስ ዋሽቼዎታለሁ» አልሁ። «አሁን ገባሁ ያልሁት ውሸት ነው። ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሬ ሰምቻለሁ።»

እጁ አልቆመም። አንድ በርበሬ ቀነጠሰ፣ ሌላ አነሣ።

«እዚህ ውስጥ አንዲት ሳጥን አለች» አለ። «መስመር ሲቋረጥ እንደ ጉድ ትጮኻለች። ያን ጊዜ ሦስት ቀን ጮኸችብኝ። እንቅልፍ ነሣችኝ። ሐሙስ ለት ድንገት ዝም አለች።»

«እና?»

«ዝም ስትል ነው እጀታውን ያነሣሁ።»

ዝም ያለችው መስመሩ ስለ ገባ ነው። በርበሬው እጄ ላይ ቀረ።

«ታዲያ ‹አትሰሚኝም› ያሉኝ ለምንድን ነው?»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

«በምን ልጀምረው ታዲያ፣ አንጓች?»